ብራችሁ የት አደረ?

በአዳማ ከተማ ለአነስተኛና መካከለኛ አምራቾች በተዘጋጀ ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አደራችሁ! አካም ቡልተን! ፈረቃችሁን ለሌላ ሰው አስረክባችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ማሽን አቁማችሁ ስለመጣችሁ ከልቤ አመሰግናለሁ። የፋብሪካ ባለቤት ግማሽ ቀን ከሥራው ሲርቅ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁና ጊዜያችሁን በከንቱ አልወስድም።

በአንድ ጥያቄ ልጀምር። ትናንት ማታ ብራችሁ የት አደረ?

ባንክ ውስጥ ስንት ብር እንዳላችሁ የምታውቁ እስቲ እጃችሁን አንሡ። ጥሩ፤ ሁላችሁም ማለት ይቻላል። መጋዘን ውስጥ የተከመረው ጥሬ ዕቃ በብር ሲተመን ስንት እንደሚሆን የምታውቁስ? እጆች ቀነሱ። በደንበኞች እጅ ያለው ዱቤ፣ ከእነ ቀኑ፣ ማን መቼ እንደወሰደ ሳይቀር? አራት እጅ አያለሁ። አራት! ወገኖቼ፣ ከገንዘባችሁ ትልቁ ክፍል ያደረው ባንክ ውስጥ አይደለም። ያደረው መጋዘንና ደንበኛ ቤት ነው። የምታውቁት ትንሹን ነው፤ የማታውቁት ትልቁን።

ይህን ጥያቄ እኔ አላመጣሁትም። እኔን የጠየቁኝ አባቴ ናቸው። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነው።

ለ11 ዓመት በሰው ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት ከሠራሁ በኋላ በ2003 ዓ.ም. እዚሁ አዳማ ላይ የልብስ ሳሙና ማምረቻ ከፈትሁ። በስድስት ሠራተኛ ጀምረን በሰባተኛው ዓመት ሃያ ሁለት ደረስን። የ2009 ዓ.ም. ሒሳብ ሲዘጋ ትርፋችን 840,000 ብር ሆነ። ደስ አለኝ። ግን ደስታዬ እስከ ጥቅምት ብቻ ነበር። ድርጅታችን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ስለሆነ 30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብር፣ ማለትም 252,000 ብር፣ እስከ ጥቅምት 30 ድረስ መክፈል ነበረብኝ። ባንክ ያለኝ 61,000 ብር ነው። የወሩ ደመወዝም አልተከፈለም። ሒሳብ የተማርሁ፣ የሰው ሒሳብ ስዘጋ የኖርሁ ሴት፣ አትርፌ ሳለ ለሠራተኛ ደመወዝ መክፈል አቃተኝ።

ወደ አባቴ ሄድሁ። አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንጂ ነው የሠሩት። ወንጂን ታውቁታላችሁ፤ በ1946 ዓ.ም. በሆላንዶች የተከፈተ፣ የአገራችን ዘመናዊ ስኳር የተጀመረበት ነው። አባቴ የሸንኮራ ሚዛን ላይ ነበሩ። ብድር ልጠይቃቸው መሄዴ ገብቷቸዋል። አንድም ቃል ሳይመልሱ ሰምተውኝ፣ «ልጄ፣ አተረፍሁ ትያለሽ። እሺ። ብርሽ ታዲያ የት አደረ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ሸንኮራ ከተቆረጠ በኋላ ሜዳ ላይ ማደር የለበትም። አገዳው ያው አገዳ ነው፣ ስታይው ምንም አልሆነም፤ ስኳሩ ግን በየሰዓቱ ይሄዳል። እኛ የምንሯሯጠው ለዚህ ነበር። የአንቺም ብር እንደዚያ ነው፤ አንዴ ከባንክ ካወጣሽው ተቆርጧል።»

አባቴ ኬሚስት አይደሉም፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። የተቆረጠ አገዳ ሲዘገይ ውስጡ ያለው ስኳር ወደ ሌላ ዓይነት ስኳር ይለወጣል፣ ከዚያም ክሪስታል ሆኖ አይወጣም። መልኩ ሳይለወጥ ጥቅሙ ያልቃል። በማግሥቱ ሠራተኞቼን ይዤ መጋዘኔን ቆጠርሁ።

ምን አገኘሁ? 225 ከረጢት ኮስቲክ ሶዳ፤ ዘይትና ሞራን ሳሙና የሚያደርገው ኬሚካል። በቀን የምንጠቀመው ሦስት ከረጢት ነው። የ75 ቀን ቀለብ ማለት ነው! ሻጩ «ሊወደድ ነው» ሲለኝ፣ ሲለኝ፣ ያከማቸሁት። የተወሰነው ከረጢት ተቀዶ እርጥበት ስቦ እንደ ድንጋይ ተጋግሯል፤ ሶዳ አየር ካገኘው ጉልበቱ እንደሚቀንስ ሳሙና የምትሠሩ ታውቃላችሁ። የፓልም ዘይቱና ሞራው ተጨምሮ ጥሬ ዕቃው ብቻ 1,100,000 ብር ሆነ። ያለቀለት ሳሙና 520,000 ብር። በጅምላ አከፋፋዮች እጅ ያለ ዱቤ 1,300,000 ብር። ግብሩንም ደመወዙንም ደጋግሞ ሊከፍል የሚችል ብር ነው፤ ግን አንዱም ባንክ ውስጥ አልነበረም።

ከዚያ ቀኑን ቆጠርሁ። እባካችሁ ይህን ጻፉልኝ፤ ከዛሬው ሁሉ ይህን ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ አልቆጭም። ጥሬ ዕቃ ከተገዛ ጀምሮ ወደ ሥራ እስኪገባ 75 ቀን። ተቀቅሎ፣ ተቆርጦ፣ መደርደሪያ ላይ እስኪደርቅ 9 ቀን። ካርቶን ውስጥ ሆኖ ገዢ እስኪያገኝ 26 ቀን። ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡ እስኪመጣ 60 ቀን። ድምሩ 170። ሶዳ ሻጩ ለእኔ የሚሰጠኝ ዱቤ 15 ቀን ነው፤ ሲቀነስ 155 ቀን። አንድ ብር ከእጄ ወጥታ ወደ እጄ ለመመለስ አምስት ወር ትቆያለች! በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ሦስተኛውን ጉዞ ሳትጨርስ ዓመቱ ያልቃል ማለት ነው። እኔ ግን ወጪዬን የምከፍለው በየቀኑ ነው፤ በአማካይ በቀን 20,000 ብር። 20,000ን በ155 አባዙት። በግርድፉ 3 ሚሊዮን ብር መንገድ ላይ ነው።

«ካፒታል የለኝም» የምትሉ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ሳትቆጥሩ እንዴት አወቃችሁ?

ዛሬ ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛው ይህን የብር ጉዞ ማሳጠር ነው። ሁለተኛው የምታመርቱት ዕቃ በእርግጥ ስንት እንደሚያስወጣችሁ ማወቅ ነው። ሦስተኛው የፋብሪካው ወለል ላይ ሳይታይ የሚፈሰው ነው። እኩል ጊዜ አልሰጣቸውም፤ የመጀመሪያው ላይ ብዙ እቆያለሁ።

የብርን ጉዞ እንዴት እናሳጥር? ከመጋዘን እንጀምር። ሶዳ ካዘዝሁ በኋላ እጄ እስኪገባ 12 ቀን ይፈጃል። መንገድ ቢዘጋ፣ ሻጭ ቢያጣ ብዬ የ8 ቀን መጠባበቂያ ጨመርሁ። ሃያ ቀን። በቀን ሦስት ከረጢት፤ ስልሳ። ግምጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀይ ቀለም 60 ብዬ ጻፍሁ። ክምሩ 60 ሲደርስ ይታዘዛል፤ ከዚያ በፊት ሻጩ ቢምልም ቢገዘትም አይታዘዝም። አንድ ቁጥር፣ አንድ ቀይ ቀለም፣ ሌላ ምንም አይደለም። በዚህ ብቻ 75 ቀኑ ቀስ በቀስ 40 ሆነ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በልባችሁ የምትሉትን እሰማለሁ። «ይህች ሴት በየትኛው አገር ነው የምትኖረው? ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት አገር ብር ይዞ ከመቀመጥ ዕቃ ይዞ መቀመጥ አይሻልም ወይ?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ልሸሸው አልፈልግም። እኔም ራሴን ጠይቄዋለሁ። ምክንያቱም ያ ጭንቅ የደረሰብኝ የጥቅምት ወር፣ ብሔራዊ ባንክ ብርን ከውጭ ምንዛሪ አንጻር በ15 በመቶ ያዳከመበት ወር ነው፤ ጥቅምት 1 ቀን 2010 ዓ.ም.። ሶዳዬ በአንድ ሌሊት ተወደደ። አተረፍሁ? በወረቀት፣ አዎ። ግን ሶዳ ደመወዝ አይከፍልም። ሠራተኛ የቤት ኪራዩን በከረጢት ሶዳ አይከፍልም። ስለዚህ ምን አደረግሁ? 2,000 ካርቶን ሳሙና ለአንድ አከፋፋይ 12 በመቶ ቀንሼ፣ ለምኜ ሸጥሁ። የቀረውን ከወንድሜ ተበደርሁ። ሶዳው ያስገኘልኝን ትርፍ በቅናሽ መለስሁት፤ ልመናው በላዬ ላይ ቀረ።

እና የኔ መልስ ይህ ነው። ዕቃ መያዝ ከዋጋ ንረት ሊያድናችሁ የሚችለው ዕቃውን በችኮላ ለመሸጥ የማትገደዱ ከሆነ ብቻ ነው። መጀመሪያ የሁለት ወር ደመወዝ፣ የግብርና የኪራይ ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ። ከዚያ በላይ የተረፈ ካለና ዕቃው ከውጭ የሚመጣ፣ የማይበላሽ ከሆነ፣ ትንሽ ጨምራችሁ ብትይዙ አልቃወምም። ያለቀለት ምርት ማከማቸትን ግን እቃወማለሁ። ጥሬ ዕቃ ብዙ ነገር ሊሆን ይችላል፤ ያለቀለት ምርት የሚሆነው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ገዢውም ከተገኘ ነው።

ዱቄት ፋብሪካ ያላችሁ ለብቻ ነው የማነጋግራችሁ፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ብዙ እንደሆናችሁ አያለሁ። የእናንተ ስንዴ ወቅት አለው። የአርሲና የባሌ ስንዴ ከኅዳር እስከ ጥር ሲገባ ካልገዛችሁ በክረምት ትቸገራላችሁ። ስለዚህ የኔ የ20 ቀን ስሌት ለእናንተ አይሠራም። ግን ስንት ወር እንደምትይዙ በግምት አትወስኑ። ለምሳሌ በዓመት 18 በመቶ ወለድ ተበድራችሁ ኩንታሉን በ5,000 ብር ገዛችሁ እንበል። ወለዱ በወር አንድ ከግማሽ በመቶ ነው፤ በኩንታል 75 ብር። ስድስት ወር ስታስቀምጡት 450 ብር። በዚህ ላይ የመጋዘን ኪራይ፣ የነቀዝ መድኃኒት፣ የሚጎድል ክብደት አለ። ታዲያ ስንዴው በስድስት ወር ውስጥ ከ500 ብር በላይ ይጨምራል ብላችሁ በእርግጥ ታምናላችሁ? ካመናችሁ ያዙ። ካላመናችሁ ከፊሉን ቆይታችሁ ግዙ። ፉርሽካውንም አትርሱት፤ ከብት የሚያደልብ ሰው በጥሬ ገንዘብ ይገዛል። የዕለት ወጪያችሁን የሚሸፍን ብር ነው፤ ጥግ ላይ ከምራችሁ አታሳድሩት።

ወደ ዱቤ ልለፍ። ዱቤ የኛ አገር ንግድ የደም ሥር ነው፤ «ዱቤ አቁሙ» ብዬ ልመክራችሁ አልመጣሁም። ግን አንድ ነገር አስተውሉ፤ ዱቤ ስትሰጡ ባንክ ሆናችኋል። ባንክ ሳይጠይቅ ይሰጣል ወይ? የደንበኛውን ወሰን ሳያስቀምጥ ይሰጣል ወይ? እኔ ለእያንዳንዱ አከፋፋይ ወሰን አስቀመጥሁ፤ አሮጌው ሳይከፈል አዲስ ካርቶን ከበር አይወጣም። መጀመሪያ ሁለት ደንበኞች ተቆጥተው ሄዱ። አንዱ በሦስተኛው ወር ተመለሰ። ሌላው አልተመለሰም፤ የእርሱ ዱቤ አማካዩን 60 ቀን ያደረገው መሆኑን ያወቅሁት ከሄደ በኋላ ነው። 60ው ወደ 45 ወረደ። ከጥሬ ዕቃው 35፣ ከምርቱ 10፣ ከዱቤው 15፣ ተደምሮ 60 ቀን አሳጠርን፤ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ባንክ አልሄድሁም። ማስያዣ አልጠየቁኝም። የራሴው ብር ነበር።

ስለ ቼክ አንድ ቃል። «የዛሬ ሁለት ወር ትመነዝሪዋለሽ» ተብሎ የሚሰጥ ቼክ በመካከላችን ተለምዷል። ቼክ በሕግ በቀረበ ጊዜ የሚከፈል ሰነድ ነው። በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ መጻፍ ደግሞ በወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 693 ያስጠይቃል። ሰጪ ከሆናችሁ ነፃነታችሁን እያስያዛችሁ ነው። ተቀባይ ከሆናችሁም ወንድማችሁ መታሰሩ ብሩን አይመልስላችሁም። በዚህ አታታልሉ፣ በዚህም አትታለሉ። ዱቤ ከሆነ ዱቤ ይባል፤ ውል ይጻፍ፣ ቀን ይቀመጥ።

ቫት፣ ማለትም የተጨማሪ እሴት ታክስም አለ። እዚህ ላይ ብዙ ደህና ሰው ሲወድቅ አይቻለሁ። የ1 ሚሊዮን ብር ዕቃ በሦስት ወር ዱቤ ሸጣችሁ እንበል። ደረሰኙ ሲቆረጥ 15 በመቶ፣ 150,000 ብር ቫት ይጨመራል። ለጥሬ ዕቃ የ600,000 ብር ግዢ ፈጽማችሁ 90,000 ብር ቫት ከፍላችሁ ከሆነ ቀሪውን 60,000 ብር በሚቀጥለው ወር ለመንግሥት ታስገባላችሁ። ደንበኛው ግን ገና አንድ ብር አልከፈላችሁም! ዱቤውን የሰጣችሁት ለደንበኛው ብቻ አይደለም፤ የእርሱን ቫትም ከኪሳችሁ እየከፈላችሁለት ነው። በጥሬ ገንዘብ ስትሸጡ ደግሞ ተቃራኒው ፈተና ይመጣል፤ እጃችሁ የገባው ቫት የራሳችሁ ይመስላችኋል። የቫት ብር እንግዳ ነው፤ አድሮ ይሄዳል። የእንግዳን ስንቅ አትብሉ። የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱለት፤ ሽያጩ በገባ ቀን ድርሻውን ወደዚያ አሻግሩት።

ከዚህ ሳልወጣ ስለ ማሽንና ስለ ብድር። የቤት ዕቃ የሚሠራ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ እጁ ወርቅ ነው። የሠራው ቁም ሣጥን ሠላሳ ዓመት ይቆማል። ሥራው ሲደራለት እጁ ላይ ያለውን ገንዘብ በሙሉ አውጥቶ ዘመናዊ የእንጨት መቁረጫ ማሽን ገዛ። ማሽኑ ሲገባ በግ አረድን፣ መረቅነው። በሁለተኛው ወር ማሽኑ ቆመ። ተበላሽቶ አይደለም። እንጨት መግዣ ብር ስላልነበረ ነው። ጓደኛዬ ለእንጨቱ ከግለሰብ በከባድ ወለድ ተበደረ፤ ሲሠራ የኖረው ለአበዳሪው ሆነ። አያቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሉ ነበር። ለአሥር ዓመት የሚያገለግል ማሽን በዓመታት በሚከፈል ገንዘብ ይገዛ። ልማት ባንክ የሚሰጠውን የካፒታል ዕቃ ኪራይ ጠይቁ፤ ባንኩ ማሽኑን ገዝቶ ያከራያችኋል፤ ማሽኑ ራሱ ነው ዋስትናው። «ቤት የለኝም፣ ምን ላስይዝ?» የምትሉ ደግሞ፣ በ2011 ዓ.ም. የወጣ አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 1147 ነው። ተንቀሳቃሽ ንብረት፣ ማለትም ማሽን፣ የመጋዘን ዕቃ፣ ከደንበኛ የምትሰበስቡት ሒሳብ ጭምር፣ በዋስትና እንዲያዝ ይፈቅዳል። ነገር ግን ባንኩ «መዝገብህን አሳየኝ» ይላችኋል። ያልተቆጠረ መጋዘን ማን ያስይዛል?

ወደ ሁለተኛው ነጥብ መጣሁ። አንድ ሳሙና ስንት ያስወጣኛል? ብዙዎቻችን ስንጠየቅ ጥሬ ዕቃና የቀን ሠራተኛ እንደምራለን፤ ጎረቤት የሚሸጥበትን ዋጋ እናያለን፤ አምስት ሳንቲም እንቀንሳለን። ጎረቤታችሁ እየከሰረ ቢሆንስ? ተከትላችሁት ገደል ልትገቡ ነው ወይ?

የሚረሱትን ልጥቀስ። ለእያንዳንዱ ቋሚ ሠራተኛ ከደመወዙ ላይ አሠሪው 11 በመቶ ጡረታ ይከፍላል። የትርፍ ሰዓት በቀን አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ 1.75 እጥፍ፤ በሳምንት የዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፤ በበዓል ሁለት ተኩል። አንድ ደንበኛ ለበዓል አድርሱልኝ ብሎ ስታመሹ ዋጋው ያው የቀኑ ዋጋ ከሆነ ለደንበኛው ከኪሳችሁ ሰጥታችሁ ነው የምታመሹት። የማሽን እርጅና አለ። መብራት ሲጠፋ የጄኔሬተር ነዳጅ አለ። ቤቱ የራሳችሁ ቢሆን እንኳ፣ ብታከራዩት ታገኙት የነበረው ኪራይ አለ።

የባለቤቱም ደመወዝ አለ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝላችሁ። ልጄን ስድር ከፋብሪካው 180,000 ብር አወጣሁ። ለድንኳን፣ ለሰንጋ፣ ለሽማግሌ። አንድም ቦታ አልጻፍሁትም። የኔው ፋብሪካ፣ የኔው ልጅ፣ ማን ይጠይቀኛል? የሠርጉን ሳምንት ተከትሎ የፓልም ዘይት መግዣ አጠረኝና ለአራት ቀን ሥራ ቆመ። የቆሙት ሠራተኞች የኔ ሠርግ ዕዳ ከፋዮች ሆኑ። ይህ ዛሬም ያሳፍረኛል። ከዚያ በኋላ ለራሴ የወር ደመወዝ ቆረጥሁ፤ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ፈርሜ እቀበላለሁ። ለቤት ጉዳይ ቢቸግረኝ እቁቤ አለ። የፋብሪካው ሣጥን ግን የቤቴ ሣጥን አይደለም። እናቶች፣ በተለይ እናንተን እለምናችኋለሁ፤ ዘመድ ሁሉ «ፋብሪካ አላት» ብሎ ወደ እኛ ሲመጣ እምቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ስጡ፤ ግን ከደመወዛችሁ ስጡ።

ደግሞ የትናንት ዋጋ ዋጋ አይደለም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ሲወሰን፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። በዚያ ሰሞን አከፋፋዮች ደጄን አጣበቡት። ሳሙናዬን በነበረው ዋጋ በአሥር ቀን ጠርገው ወሰዱልኝ። ጥሬ ገንዘብ፣ ያለ ዱቤ! እንዲህ ያለ ገበያ አይቼ አላውቅም ብዬ ፈጣሪዬን አመሰገንሁ። ብሩን ይዤ ሶዳ ልገዛ ስሄድ፣ በፊት 100 ከረጢት ይገዛልኝ የነበረው ብር 62 ከረጢት ገዛልኝ። 38 ከረጢት የት ሄደ? እኔው ነኝ የሰጠሁት። ደብተሬ ግን ያን ወር «ትርፍ» ይላል። ስለዚህ ዋጋ ስታወጡ ዕቃውን ስንት ገዛሁት ብላችሁ አታስሉ። ነገ ስንት እተካዋለሁ ብላችሁ አስሉ።

በርና መስኮት የሚሠራ ጎረቤቴ ከዚህ የባሰ ደርሶበታል። በሰኔ ወር ለአንድ ሕንፃ 120 መስኮት ሊሠራ ተዋዋለ፤ ዋጋው ቁርጥ፣ ቅድሚያ ክፍያው ትንሽ። ቱቦላሬና ላሜራውን በነሐሴ ሊገዛ ሲወጣ ዋጋው ሌላ ሆኖ ጠበቀው። ቃሉን አላጠፈም። ጨርሶ አስረከበ፤ የብየዳ ማሽኖቹን ግማሹን ሸጦ። እኔ ይህን ሰው አከብረዋለሁ። ግን ጨዋነቱ ብቻውን ሊያድነው አልቻለም። ውሉ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብትኖር ኖሮ! «ይህ ዋጋ የሚጸናው ለ10 ቀን ነው» እና «የብረቱ መግዣ በቅድሚያ ይከፈላል»። እነዚህን ሁለቱን ዛሬ ስትመለሱ በዋጋ ማቅረቢያችሁ ላይ ጨምሯቸው።

ሦስተኛው ነጥብ፤ ወለሉ። እዚህ ላይ ታሪክ ብቻ ልንገራችሁና ልጨርስ።

የኛ ሳሙና 200 ግራም ነው። እርጥቡ ሲደርቅ ክብደት ስለሚቀንስ ስንቆርጠው ሆን ብለን ከፍ እናደርገዋለን። አንድ ቀን፣ ሳሙናውን በሽቦ በሚቆርጠው መቁረጫ ላይ የምትሠራ ልጅ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ፣ «እትዬ፣ ሽቦው የሰፋ ይመስለኛል» አለችኝ። የደረቀ መቶ ሳሙና አምጥተን መዘንን። አማካዩ 209 ግራም። ዘጠኝ ግራም ምን አላት? በቀን 5,000 ሳሙና ነው የምንቆርጠው። 45 ኪሎ! በቀን 225 ሳሙና በነፃ እየሰጠን ነው። በወር 26 የሥራ ቀን 5,850 ሳሙና፤ በዚያን ጊዜው የ4 ብር ወጪ 23,400 ብር። ያኔ ከአሥር ሠራተኛ ደመወዝ ያላነሰ ነው። ማጉደል ሌብነት ነው፤ ደንበኛ የከፈለበትን ግራም አንዲት እንዳትነኩ። ማብዛት ግን ደግነት አይደለም፤ ገዢውም አላወቀው፣ አላመሰገነንም። የሽቦው ክፍተት ጠበበ፤ በየሁለት ሰዓቱ አሥር ሳሙና መመዘን ሥራ ሆነ።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነው። ልጅቷን «ከመቼ ጀምሮ ነው ያየሽው?» አልኋት። «ከፋሲካ በፊት» አለችኝ። ጊዜው ሐምሌ ነበር። «ለምን አልነገርሽኝም?» «የሚጠይቀኝ የለም» አለች። ያች ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለች። እናንተ ፋብሪካ ውስጥ አሁን፣ በዚህች ሰዓት፣ ሽቦው እንደሰፋ የሚያውቅ ሠራተኛ አለ። ጠይቃችሁታል?

አባቴ በሚዛን ላይ ሳሉ የዕለቱ ቁጥር ለሁሉም በሚታይበት ሰሌዳ ላይ ይጻፍ እንደነበር ነግረውኛል። እኔም በሩ አጠገብ ሰሌዳ ሰቀልሁ። ስንት ተመረተ፣ ስንት ተበላሸ፣ ማሽን ስንት ሰዓት ቆመ፣ ለምን ቆመ። አራት መስመር። የመጀመሪያው ወር ላይ ያነበብነው አስደነገጠን፤ ማደባለቂያው አራት ቀን የቆመው በአንድ የ900 ብር ኩሽኔታ፣ ማሽኑ በሚሽከረከርበት ቀለበት፣ ምክንያት ነበር። ኩሽኔታው ለምን ተበላ? ግራሶ ስላልተቀባ። ለምን አልተቀባም? የመቀባቱ ሥራ የማን እንደሆነ ስላልተወሰነ። አሁን መለዋወጫ ኩሽኔታና ቺንጋ መሳቢያ ውስጥ አሉ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ መውጫ በፊት አንድ ሰዓት ለማሽኖቹ ነው።

ካይዘንን፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ የማሻሻልን የጃፓኖች ዘዴ፣ ብዙዎቻችሁ ሠልጥናችኋል። ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። በጎ ትምህርት ነው። ነገር ግን ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር ተሰምሮ፣ ጎብኚ ሲሄድ ዕቃው ተመልሶ መስመሩ ላይ የሚከመርበት ፋብሪካ ብዙ አይቻለሁ። አምስተኛው፣ ማዝለቅ፣ የባለቤቱ ሥራ ነው። ለሌላ ሰው አትስጡት።

እንግዲህ መግቢያው ላይ አንድ አንድ ወረቀት ተሰጥቷችኋል። አራት ባዶ ቦታ አለው፤ በጥሬ ዕቃ ስንት ቀን፣ በሥራ ላይ ስንት ቀን፣ በመጋዘን ስንት ቀን፣ በደንበኛ እጅ ስንት ቀን። ከታች ሻጭ ለእናንተ የሚሰጠው ዱቤ ይቀነሳል። አሁን በግምት ሙሉት፤ ሰኞ ጠዋት ደግሞ ቆጥራችሁ ሙሉት። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በሚቀጥለው ስብሰባችን ይዛችሁ ኑ፤ እኔም የኔን ይዤ እመጣለሁ፤ በወር በወሩ ነው የምሞላው፣ ያለፈው ወር 91 ቀን ነበር።

ጊዜ ስለቀረን ጥያቄ እንቀበላለን። ከኋላ ያሉት አባት ቀደም ብለው እጃቸውን አንሥተው ነበር፤ ማይኩን ለእርሳቸው አድርሱልኝ። አባቴ፣ ይቀጥሉ፣ እየሰማን ነው።